ጎመኑን ማን በላው? የጓሮ አትክልትን ከሚዳቋና ከጃርት መጠበቅ

ይህ የክፍሉ ጽሑፍ ነው። ለማዳመጥ ጊዜ ያጣችሁ፣ ወይም ለእናት ለአባታችሁ ልታነቡላቸው የምትፈልጉ፣ እዚህ ታገኙታላችሁ። በአብዛኛው እንደተናገርኩት ነው የተውኩት፤ "እ... እ..." የሚለውን ብቻ አወጣሁለት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎመን ነው። አትሳቁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ስልኬ ጮኸ። አያቴ ነች።

"ልጄ፣ ጎመኑን ጨረሱት" አለችኝ።

"ማን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ነይና እዪ።"

አያቴ በ1991 ነው የመጣችው፣ በሰሎሞን ዘመቻ። የተወለደችው ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ነው። እዚህ ናታንያ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከባሕሩ ሩቅ አይደለችም፤ መስኮቷን ስትከፍት ነፋሱ ጨው ይዞ ይገባል። ግን ባሕር ለእሷ ምንም አይደለም። የእሷ ነገር መሬት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በጋራ አትክልት ቦታ፣ ጊና ቅሂላቲት በምንለው ውስጥ፣ ትንሽ መደብ አገኘች። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ናት። ቦታው በከተማው ደቡብ ዳር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሕንፃዎች አልቀው አሸዋውና ቁጥቋጦው የሚጀምርበት። እዚያች መደብ ላይ የሐበሻ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም አለ። የጎመኑን ዘር በየዓመቱ ራሷ ታወጣለች፤ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጣለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኩፓት ሖሊም ስንሄድ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ ነኝ። ባንክ፣ ስልክ፣ ሁሉ ነገር እኔ። እዚያች አትክልት ቦታ ውስጥ ግን የሚጠየቀው እሷ ናት። ሩሲያዊቷ ጎረቤት ሳትቀር "ይሄ ቅጠል ምን ሆነብኝ?" ብላ ወደ እሷ ነው የምትመጣው።

ቦታው ደንብ አለው። አንድ መደብ አንድ ወቅት ሙሉ ሳይተከል ከቀረ፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ደንቡ ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው ይጠብቃል። ግን ያን ቀን ጠዋት አያቴ ከሲግድ በኋላ የተከለችውን ጎመን አይታ፣ ጉቶ ጉቶው ብቻ ቀርቶ፣ "በቃ፣ ለሌላ ሰው ይስጡት፤ እኔ ደክሞኛል" አለች። በዚያ ዓመት ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ዘሩ የሚወጣው ከዚያ ጎመን ነበር። ጎመኑ ካላፈራ፣ በጨርቅ ውስጥ ያለው አሮጌው ዘር ብቻ ነው የሚቀረው።

እኔም ጀግና ሆንኩ። "እምዬ፣ አታስቢ፣ እኔ አጥረዋለሁ" አልኳት።

የእኔ ስሕተት

ከጎረቤቶቹ አንዱ "ማለዳ ላይ በአሸዋው በኩል ጽቪ አይቻለሁ" ብሎ ነበር። ጽቪ ማለት ሚዳቋ ናት። በቃ፣ ለእኔ ፍርዱ አለቀ። ቆንጆ ታሪክ ነው፦ ሚዳቋ ከአሸዋው ወጥታ የአያቴን ጎመን በላች። ኢንተርኔት ገባሁ። በአሜሪካ አጋዘን ከጓሮ ስለማስወጣት የተጻፈው ማለቂያ የለውም። "አጥሩ ከፍ ይበል፣ ከፍ ይበል" ይላል። የፕላስቲክ መረብ ገዛሁ፣ ከእኔ ቁመት በላይ አድርጌ ዙሪያውን ወጠርኩት። አራት ምሽት ፈጀብኝ። ፎቶም አነሳሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ድንቹ ተቆፍሮ አደረ። መረቡ ከላይ ደህና ነው። ከሥር ግን እንደ በር ተበልቷል።

አያቴ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ንግግራችንን ቀድቼው ስለነበር እንዳለ ልጻፈው።

"ልጄ፣ ዱካውን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ፋንድያውንስ?"

"አላየሁም፣ እምዬ።"

"ታዲያ ማንን ነው ያጠርሽው?"

ከዚያ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነገር አነሳች። ጥቁርና ነጭ፣ እንደ እስክሪብቶ የረዘመ። የጃርት እሾህ ነው። ሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው፦ ከማጠራችሁ በፊት ማንን እንደምታጥሩ እወቁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ግማሹ ከአያቴ ነው፣ ግማሹ ካነበብኩት።

ስሙን እንለይ

እኛ እዚህ የተወለድነው ልጆች ስሞቹን እናምታታለን፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

በዕብራይስጥ ጽቪ የምንለው በአማርኛ ሚዳቋ ነው። አያል የሚባለውን መጽሐፍ ቅዱሱ ዋላ ይለዋል፣ በተለምዶ ደግሞ ብዙ ሰው አጋዘን ይለዋል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የአጋዘን ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። የሚዳቋ ቀንድ ግን ዕድሜ ልክ አይወድቅም፤ የአገራችን ሚዳቋ ሴቷም ትንሽ ቀንድ አላት። ሚዳቋ ትንሽ ናት፤ ከ16 እስከ 30 ኪሎ ብትመዝን ነው። የአሜሪካ ጓሮ የሚያስለቅሰው አጋዘን ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይመዝናል፣ ይዘላል። ለዚያ ነው እነሱ 2.4 ሜትር አጥር የሚሉት።

በእስራኤልም አጋዘን አለ፣ ግን ሩቅ ነው። ያሕሙር የሚባለው ከአገሩ ጠፍቶ ነበር። በ1978 መጨረሻ፣ የኢራን አብዮት ሊፈነዳ ሲል፣ አራት ሴቶች ከኢራን በአውሮፕላን መጡ። በካርሜል ሐይ ባር ተራቡ፤ ከ1996 ጀምሮ በገሊላ፣ በናሐል ክዚቭ፣ ወደ ዱር ተለቀቁ። ስለዚህ ናታንያ ውስጥ ጎመናችሁን አጋዘን በላው ብላችሁ አትክሰሱት።

አሁን ጃርት። ይሄኛውንም እናምታታለን። ኪፖድ አለ፣ ዳርባን አለ። ኪፖድ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነው፤ ቀንድ አውጣና ነፍሳት ይበላል፣ የአትክልተኛ ወዳጅ ነው፣ ተዉት። ዳርባን ትልቁ ጃርት ነው፤ ከአሥር ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እሾሁ ረጅም ነው፣ ሥርና ድንች፣ የአበባ ኮረት፣ የዛፍ ልጥ ይበላል። በኢትዮጵያ ያለው ጃርት የዚህ የአጎት ልጅ ነው፣ ጠባያቸው በጣም ይመሳሰላል። አያቴ በአንድ እይታ የለየችውም ለዚህ ነው። እና "ጃርት እሾሁን ይወረውራል" የሚባለው ልክ አይደለም፤ ሲነካ ይነቀልና የነካው ላይ ይቀራል እንጂ አይወረወርም።

ዱካውን ማንበብ

ማለዳ፣ ውኃ ከመጠጣቱና ሰው ከመርገጡ በፊት፣ ሂዱና እዩ። ስልካችሁን ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። አጠገቡ ቁልፍ ወይም ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ።

ሚዳቋ ከሆነች፦ ሚዳቋ፣ ፍየል፣ በግ፣ አጋዘን፣ ሁሉም ከላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። ስለዚህ ቅጠሉን ይዘው ይበጥሱታል፣ የተበላው ጫፍ ተቀዶ ሸርፈፍ ይላል። የምትበላው ከላይ ለጋ ለጋውን ነው፣ ሥር አትቆፍርም። ዱካዋ ሁለት ሹል ጣት ያለው ትንሽ ሰኮና ነው። ፋንድያዋ እንደ ፍየል በጠጥ ነው፤ ወንዱ ክልሉን ለማስታወቅ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይከምረዋል።

ጃርት ከሆነ፦ ጉድጓድ አለ፣ ድንቹ የለም። ግንዱ የተቆረጠው በቢላዋ እንደተቆረጠ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ አግድም። ፕላስቲኩ፣ እንጨቱ ተፍቋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ እሾህ ታገኛላችሁ። የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ስለዚህ አንድ ብቻ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ከርከሮ ከሆነ፦ መጠየቅ አያስፈልግም፣ መሬቱ በበሬ የታረሰ ይመስላል። ሐይፋ ዘመዶች ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ከርከሮ በቀን በመንገድ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል።

ፍልፈል ከሆነ፣ ሖሌድ የሚባለው፦ ከላይ የአፈር ክምር ክምር ታያላችሁ፣ ተክሉ ይጠወልጋል፣ ስትስቡት ሥሩ የለም። ቀበሮ ከሆነ ደግሞ ጎመን አይፈልግም፤ የጠብታ መስኖውን ቱቦ ነው የሚነክሰው፣ ውኃ ፈልጎ። ቀንድ አውጣ ከሆነ ቅጠሉ መሐል ለመሐል ይበሳል፣ የሚያብለጨልጭ ልጋግ ትቶ ይሄዳል።

እኛ ጋ ምን ነበር? ጎመኑ በንጹሕ ተቆርጧል። ድንቹ ተቆፍሯል። መረቡ ከሥር ተፍቋል። ሁሉም ጃርት ጃርት ይላል። እኔ ግን ሚዳቋ እንድትሆን ፈልጌ ነበር፣ ስለዚህ ሚዳቋ አየሁ።

አምቦበር ላይ እንዴት ይጠብቁ ነበር

ይህን ስጠይቃት አያቴ ሌላ ሰው ሆነች። ሻይዋን አስቀመጠች፣ እጇ መናገር ጀመረ።

ቀን ቀን የሚጠበቀው ዝንጀሮና ጦጣ ነው። በማሳው መሐል ማማ ይሠራል፤ ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። ልጆች እዚያ ላይ ይውላሉ። ወንጭፍ አለ፣ ጅራፍ አለ፣ ጩኸት አለ። "ጅራፉን ሳጮኸው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር" አለችኝ። አሁን ቦርሳዋን ተሸክሜላት ደረጃ የምወጣላት ሴትዮ ማለት ነው። ዛሬም በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ያለ ገበሬ ገብሱን ከጭላዳ ይጠብቃል፤ በብዙ ቦታም ያ ሥራ የሚወድቀው በልጆች ላይ ነው፣ ከትምህርት ያስቀራቸዋል። እሷም ያልተማረችበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስትነግረኝ ግን አላማረረችም፤ ለዝንጀሮው እንኳ "ብልጥ ነው፣ ወንጭፍ የያዘና ያልያዘ ሰው ይለያል" ብላ አደነቀችው።

ለሌሊቱስ? "ለጃርት ማማ ምን ያደርጋል? አንቺ ስትተኚ ነው የሚመጣው" አለችኝ። ለጃርት የእሾህ አጥር ነው፤ የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጡ ሥሩን ወደ ውስጥ፣ እሾሁን ወደ ውጭ አድርገው ይደረድሩታል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ድንጋይ። "ጃርት አይዘልም፤ ይቆፍራል። ድንጋዩ ከሥር ነው የሚያስፈልገው።"

ከሥር። እኔ ለአራት ምሽት ወደ ላይ ስወጥር የነበርኩት።

ማስፈራራት ለምን አይበቃም

ሰዎች ብዙ ነገር ይመክራሉ። ሳሙና አንጠልጥሉ፣ የሰው ፀጉር በትኑ፣ እንቁላል በውኃ በጥብጣችሁ እርጩ፣ ሬድዮ ክፈቱ፣ መብራት አብሩ። ፈጽሞ አይሠሩም አልልም። ሽታና ድምፅ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ እንስሳው ይለምደዋል። ሽታው ደግሞ በዝናብና በመስኖ ይታጠባል፤ እዚህ ባሕር ዳር ነፋሱም ይወስደዋል። የሰው ምስል ማስፈራሪያ ብትተክሉም ቦታውን ካልለዋወጣችሁት በሳምንቱ ወፍ ይቀመጥበታል።

አምቦበር ላይ ማስፈራራት የሠራው ሰው ስለነበረ ነው። ከምስሉ ኋላ እውነተኛ ወንጭፍ ነበረ። እኛ ማታ ሁላችንም አልጋችን ላይ ነን። ስለዚህ ለእኛ የሚያዋጣው አጥር ነው።

አጥሩ እንዴት ይሠራል

ለጃርት ቁመት አይደለም ዋናው። ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ይበቃዋል። ዋናው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ፕላስቲክ አይሁን። ጃርት የሚያድግ ጥርስ ያለው እንስሳ ነው፣ እንደ አይጥ ሲፍቅ ያድራል። የሽቦ መረብ ግዙ፣ መጋጠሚያው በብየዳ የተያያዘውን፣ ቀዳዳው ከአምስት ሳንቲሜትር የማይበልጠውን። ባሕር ዳር ስለሆንን ተራ ሽቦ በጨው ነፋስ ቶሎ ይዝጋል፤ በዚንክ የተነከረውን፣ መጉልቫን የሚሉትን፣ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ከሥር ዝጉት። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቦይ ቆፍሮ ሽቦውን 40 ሳንቲሜትር ያህል መቅበር ነው። ሌላው ቀላሉ ነው፣ እኛም ያደረግነው ይሄንን ነው፦ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጥቅል ሽቦ ገዝታችሁ አንድ ሜትሩን ታቆማላችሁ፣ የቀረውን ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ አጥፋችሁ መሬት ላይ ታስተኛላችሁ። ወደ ውጭ ነው፣ ወደ ውስጥ አይደለም። ከዚያ በአፈርና በድንጋይ ትሸፍኑታላችሁ። እንስሳው የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ተጠግቶ ነው። ሲቆፍር ሽቦው ላይ ይቆማል። ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ልጀምር ብሎ አያስብም።

ሦስተኛ፣ በሩ። ሁሉም ሰው አጥሩን ያሳምርና በሩን ይረሳል። ከበሩ ሥር ክፍተት ካለ አጥር የለም። ሁለት የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ድንጋይ ከበሩ ሥር አስቀምጡ፣ በሩ እነሱን እየታከከ ይዘጋ።

ቋሚዎቹ፦ የእኛ መደብ ዙሪያው 14 ሜትር ነው፣ ስምንት የብረት ቋሚ በቃው፤ በየማዕዘኑ አራት፣ በየጎኑ መሐል አራት። የሻሮን መሬት ሐምራ የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ነው፤ ለመቆፈር ቀላል፣ ቋሚ ለመያዝ ግን ደካማ። ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ ሥሩን በትንሽ ሲሚንቶ ሙሉት። ኩርካር ላይ ከሆናችሁ፣ ማለት የገደላችን ድንጋይ ላይ፣ መቆፈሩን እርሱት፤ ሽቦውን ወደ ውጭ አስተኝታችሁ ድንጋይ ጫኑበት።

የእናንተ እንግዳ በእውነት ሚዳቋ ከሆነችስ? ያን ጊዜ ከጃርቱ አጥር በላይ እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ከፍ አድርጉት። ሚዳቋ መዝለል ትችላለች፣ ግን መሾለኪያ ካገኘች ከሥር መግባትን ትመርጣለች፤ ስለዚህ ለእሷም የሥሩ መዘጋት ይጠቅማል። እባካችሁ ልል የፕላስቲክ መረብ አትጠቀሙ። ቀንዷ ይጠላለፍና ስትታገል ትሞታለች፤ ኪፖዱና እባቡም ይያዙበታል። የምትወጥሩት ነገር የተወጠረ ይሁን፣ ነጭ ጨርቅ እያሰራችሁበት በሌሊት የሚታይ አድርጉት። የእኔን መረብ ያን ቀን አወረድኩት።

የሚሸት ተክልና ውኃው

አያቴ ከድሮም ጤና አዳሙንና በሶብላውን ዳር ዳር ነበር የምትተክለው። ጠንካራ ሽታ ያለውን ተክል ቅጠል በሊታዎች ብዙ ጊዜ ይተዉታል፤ ሮዝሜሪም፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ይህ ይረዳል እንጂ አጥር አይሆንም፣ የራበው እንስሳ ሁሉንም ይሞክራል። አንድ ጥንቃቄ፦ ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲነካው ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል። የእኔ ክንድ ምስክር ነው።

ሌላው ቱቦው ነው። በበጋ፣ ለወራት ጠብታ ዝናብ በማይጥልበት ጊዜ፣ እንስሳው የሚፈልገው ጎመኑን ብቻ አይደለም፣ ውኃውንም ነው። የጠብታ መስኖ ቱቦውን ጥቂት ሳንቲሜትር ቅበሩት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አስተካክሉ። የወደቀ ፍሬ አትተዉ። የቆሻሻ ገንዳው ይከደን። ለድመት የምታስቀምጡት ምግብ ማታ ውጭ አይደር፤ ቀበሮውንም ከርከሮውንም የሚጠራው እሱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

አንድ ጎልማሳ ጎረቤት "መርዝ አድርጊበት፣ ይገላገልሻል" ብሎኝ ነበር። አታድርጉት። በ1955 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን፣ ማጥመድ፣ መመረዝ ይከለክላል። ሚዳቋም ጃርትም የተጠበቁ ናቸው። መርዝ ደግሞ የበላውን ብቻ አይገድልም፤ የሞተውን የሚበላውን አሞራ፣ የጎረቤቱን ውሻም ይገድላል፣ ልጆችም ባሉበት ቦታ ነው የምናወራው።

ችግሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ፣ ወይም የቆሰለ እንስሳ ካያችሁ፣ የተፈጥሮና የፓርኮች ባለ ሥልጣን፣ ራሹት ሀተቫ ቨሀጋኒም፣ የስልክ መስመር አለው፦ ኮከብ 3639። ታመመ የሚመስል ወይም ሰው የማይፈራ ቀበሮ ካያችሁ አትጠጉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ደውሉ። ወላጆቻችሁ በዕብራይስጥ ለመደወል ከከበዳቸው፣ እናንተ ደውሉላቸው። አምስት ደቂቃ ነው።

ማን ወደ ማን መጣ?

አንድ ነገር ሳልል ልዝጋው አልችልም። ያ አትክልት ቦታ ያለበት ሜዳ ትናንት የጃርቱ ነበር። የናታንያ ደቡብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሕንፃ ተሞላ፤ ዒር ያሚምን እዩት። ከጎኑ የአርጋማን አይሪስ የሚጠበቅበት ሥፍራ አለ። ያ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ሊመስል የደረሰ አበባ በዚህ በእስራኤል ባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ ነው የሚበቅለው፣ በክረምቱ መጨረሻ ያብባል። ሂዱ፣ በነጻ ነው። ሚዳቋዋም፣ በመላ አገሪቱ የቀረችው ወደ 5 ሺህ ገደማ እንደሆነች ነው የሚገመተው፤ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ትቆጠራለች።

ኢየሩሳሌም ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ? በመንገዶች መካከል የተዘጋ ሸለቆ ውስጥ ሚዳቋዎች ነበሩ። ቦታው ላይ ሊገነባ ነበር። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ተከራከሩ፣ ግንባታው ቀረ፣ በ2015 የሚዳቋ ሸለቆ፣ ዔሜክ ሀጽቫዪም፣ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። እዚያም ዙሪያውን አጥር አለ። እዚያ ያለው አጥር ሚዳቋዋን ከመኪናና ከውሻ የሚጠብቅ ነው።

ጃርቱም ቢሆን ሥራ አለው። በነጌቭ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ጃርት የቆፈራቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ዘርና የዝናብ ውኃ ያጠራቅማሉ፣ በዓመቱ ከዙሪያቸው የበለጠ ያበቅላሉ። ይህን ለአያቴ ስነግራት፣ "እሱ ይቆፍር፣ ማን ከለከለው? ከእኔ ድንች ማዶ ይቆፍር" አለች።

መጨረሻው

አጥሩን የሠራነው በአንድ ዓርብ ነው። እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ከሠራዊት ፈቃድ የመጣ አንድ ጓደኛችን። አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዝዛለች። "ወደ ውጭ! ወደ ውጭ እጠፈው ብዬሃለሁ!" ወታደሩ "እሺ እትዬ" እያለ ይሯሯጣል። ሻባት ከመግባቱ በፊት ጨረስን።

በአራተኛው ቀን ደወለች። ልቤ ወደቀ። ስሄድ ከአጥሩ ውጭ አንድ ጉድጓድ አለ፣ ጥልቀቱ አንድ ጣት ተኩል። ከዚያ በታች ሽቦው ይታያል። ጃርቱ ቆፍሯል፣ ሽቦው ጋ ደርሷል፣ ትቶ ሄዷል። አያቴ ጉድጓዱን በእግሯ ደፈነችና "ሞክሯል፣ አይፈረድበትም" አለች።

ከዚያ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ እጇን ከተተች። የጨርቋን ቋጠሮ አወጣች። የአሮጌውን ዘር ግማሽ ያን ቀን ዘራችው፣ ግማሹን መለሰች። "ይሄኛው ካልበቀለ" አለች። ሩሲያዊቷ ጎረቤት አጥሩን ዞር ዞር ብላ አየችና በዕብራይስጥ "የእኔንስ መቼ ነው?" አለችን።

መልሱ በሚመጣው ዓርብ ጠዋት ነው። ናታንያና አካባቢዋ ያላችሁ፣ አካፋና ጓንት ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ቡናው ከአያቴ ነው። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለባችሁ፦ አያታችሁ ወይም እናታችሁ ልጅ ሳሉ ማሳውን ከምን ይጠብቁ እንደነበር ጠይቁ። ስልካችሁ ቀረጻ ላይ ይሁን። የእኔ አራት ምሽት የባከነው ሳልጠይቅ ስለጀመርኩ ነው።

በሉ፣ ደህና ሁኑ። በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ።